«ስንት ጊጋ ነው?»

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ንባብ ጥቅም የተጻፈ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ግን ከገበያ የመጣ ነው። ይኸውም ላፕቶፕ ለመግዛት የሄደ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሣት አንዲት አጭር ጥያቄ ናት፤ «ስንት ጊጋ ነው?»

ጥያቄዋ አጭር ትሁን እንጂ በውስጧ ሁለት ጥያቄዎች ተጣብቀው ይገኛሉ። አንደኛው «ማሽኑ ስንት ይይዛል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ «ማሽኑ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሥራ ይችላል?» የሚል ነው። ሁለቱም የሚለኩት በጊጋባይት ነው። በእኛም አነጋገር የስልክ ካርዱ «ሜሞሪ»፣ ራሙም «ሜሞሪ»፣ ሃርድ ዲስኩም አልፎ አልፎ «ሜሞሪ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ ሻጩ ለየትኛው እንደ መለሰ፣ ገዢውም የትኛውን እንደ ሰማ ሳይታወቅ ብሩ ይቆጠራል። «500 ጊጋ ነው» ተብሎ የገዛው ማሽን ዶርም ገብቶ ሲከፈት ለምን እንደሚንቀራፈፍ ግራ የገባው ዕጩ መምህር ጥቂት አይደለም።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከመካከላችን ለብዙው ሰው ይህ ዕቃ የሚገዛው ከኪስ ገንዘብ ላይ እየተቆነጠረ በተጠራቀመ፣ ወይም ቤተሰብ በግ ሸጦ በላከው ብር ነው። ተመርቀን ስንመደብ ደግሞ የምንሄደው ኮምፒዩተር ጠጋኝ በቅርብ ወደማይገኝበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ልኩ ያልሆነ ጫማ የገዛ ሰው ለታናሽ ወንድሙ ይሰጠዋል። ለሥራው የማይሆን ላፕቶፕ የገዛ ግን አምስትና ስድስት ዓመት ከዚያው ጋር እየታገለ ይኖራል።

እንግዲህ ሁለቱን ለመለየት ከክፍላችን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ራም ማለት ሰሌዳው ነው። መምህሩ ለሚሠራው ሥራ ይጽፍበታል፣ ያርምበታል፣ ይሰርዝበታል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይጠፋል። ማከማቻው፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስ.ኤስ.ዲ.ው፣ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። እዚያ የገባ መጽሐፍና ካርታ በሩ ቢቆለፍም ይቆያል። ግምጃ ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ሰሌዳው ጠባብ ከሆነ መምህሩ ምሳሌውን ሳይጨርስ እየሰረዘ እንደገና ይጽፋል እንጂ ሌላ መላ የለውም።

መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ራም የያዘውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ የትምህርት ዕቅድ ሲጽፍ ያመሸ ሰው መብራት ድርግም ሲል የሚጠፋበት በሰሌዳው ላይ የነበረው ነው። «ሴቭ» ማድረግ ማለት ከሰሌዳው ወደ ግምጃ ቤቱ መገልበጥ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን እየሰማ «ታዲያ ለምን ሁሉንም ግምጃ ቤቱ ውስጥ አይሠራም?» ይላል። የማይሠራበት ምክንያት ፍጥነት ነው፤ ወደዚያው ልመጣ ነው።

ሰሌዳው ሲሞላ ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ አይቆምም። ለጊዜው የማይፈለገውን ከራሙ ላይ ወደ ማከማቻው ይገለብጥና ቦታ ያስለቅቃል፤ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር የተሠራው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ሲጀምር ይህንኑ ያደርግ ነበር። ብልኅ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ይበላል።

ለመሆኑ ምን ያህል ይበላል? እስቲ በቁጥር እንየው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች በውስጣቸው ያለው ሰሐን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሴኮንድ 90 ጊዜ መሆኑ ነው። አንዱ ዙር ወደ 11 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስና የተፈለገው ክፍል ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ በአማካይ 15 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሄዳል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የተጠየቀውን ከአንድ ሚሊሴኮንድ ዐሥረኛው በሚያህል ጊዜ ያቀርባል። ራም ደግሞ ከአንድ ሚሊሴኮንድ ዐሥር ሺኛው በሚያህል ጊዜ ይመልሳል።

ቁጥሮቹ ከማነሣቸው የተነሣ ስሜት አይሰጡም። ስለዚህ እናሳድጋቸው። ከሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ማንበብ 1 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። በዚያው መለኪያ ኤስ.ኤስ.ዲ. ዘንድ ደርሶ መምጣት 1,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 17 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ይህ ተማሪ ልኮ ከግምጃ ቤት ካርታ እንደ ማስመጣት ነው፤ ተማሪው መንገድ ላይ ትንሽ ቢጫወትም ይመጣል። ከሚሽከረከረው ዲስክ ማስመጣት ግን 150,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ41 ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ሰኞ ጧት ወደ ዞን ከተማ የተላከው ሰው ማክሰኞ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ይመለሳል። እስከዚያ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። 4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ስንከፍት አይጡ ስታክ የሚያደርገው፣ በጎን ያለችውም መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ብልጭ የምትለው ስለዚህ ነው። ማሽኑ ዞን ከተማ ሰው ልኳል።

ከዚህ እንደምናየው «ስንት ጊጋ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የምን ዓይነት?» የሚለውም ጥያቄ መነሣት አለበት። በበኩሌ 256 ጊጋ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ በመጠን ሳይሆን በጠባይ። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዝቅተኛው መሥፈርት 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው ተብሏል። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ መሥፈርት የማለፊያ ነጥብ ነው፤ 50 ያመጣ ተማሪ አለፈ እንጂ ትምህርቱን ያውቀዋል አይባልም። ዊንዶውስ ራሱ ገና ሲነሣ ከ2 ጊጋ በላይ ራም ይይዛል። ክሮምን ከፍተን ዐሥር ገጽ ብንዘረጋ ሌላ አንድ ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለጽሑፋችን የሚተርፈው ጥግ ነው።

ይህ ሁሉ በዶርማችን የተነሣው ክርክር ባይኖር ወደ ጽሑፍ ባልመጣም ነበር። አምስት ሆነን ከመስከረም ጀምሮ እያዋጣን ለጋራ የሚሆን አንድ ማሽን ለመግዛት አሰብን። ገንዘቡ ጥር ላይ ሞላ። ገበያ ወርደን ስናይ በዐቅማችን ልክ የተገኙት ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ነበሩ፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። አንደኛው መልኩ ያማረ፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክና 4 ጊጋ ራም ያለው ነው። ሁለተኛው ክዳኑ የተፋቀ፣ ባትሪውም ከአንድ ሰዓት የማያልፍ፣ 256 ጊጋ ኤስ.ኤስ.ዲ.ና 8 ጊጋ ራም ያለው ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን እየዳበሰ «ወንድሞቼ፣ ይሄ እኮ ቴራ ነው፤ ያኛው ሩቡ ነው። በአንድ ዋጋ ሩቡን ትወስዳላችሁ?» አለን። በሂሳብ ረገድ ልክ ነው። ዛሬ አንከፍልም ብለን ተመለስንና ሦስት ሌሊት ተከራከርን።

ለቴራው በብርቱ የተከራከረው የስፖርት ክፍል ጓደኛችን ነው። ክርክሩንም ቀላል አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ ከሁላችንም የበለጠ ያሰበበት እሱ ነበርና። «ለልምምድ ማስተማር የምንሄድበት ትምህርት ቤት ኔትወርክ የለም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገንን ሁሉ ይዘን መሄድ አለብን፤ ከፍታ ዝላይ በቃል አይገለጽም፣ ቪዲዮ ያስፈልገዋል፤ ቪዲዮ ደግሞ ቦታ ይበላል» አለ። ቀጥሎም ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠራው። ከ256ቱ ላይ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ የሚወስዱት ሲነሣ ለእያንዳንዳችን 40 ጊጋ ገደማ ይደርሰናል። ከቴራው ላይ ግን ከ170 በላይ ይደርሰናል። «በ40 ጊጋ ምን ልሠራ?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን።

እኔ በኋላ ያልኩት ይህን ነው። ማከማቻ ለአምስት ይካፈላል፤ ራም ግን አይካፈልም። የእያንዳንዳችን ፋይል ሌሎቻችን ስንሠራም ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ እንደ ዶርሙ ቁም ሣጥን ነው። ራሙ ግን እንደ ጠረጴዛው ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ሙሉውን ያገኘዋል፤ በፊቱ የነበረው ሰው የከፈተውን ዘግቶ ከተነሣ። ስለዚህ 8 ጊጋው ለአምስታችንም 8 ነው። ደግሞም የምንካፈለው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው 240 ደቂቃ ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 48 ደቂቃ ይደርሰዋል። ከ48 ደቂቃው ላይ ማሽኑ እስኪነሣና ፋይሉ እስኪከፈት እየተጠበቀ የሚሄደው በየቀኑ ከአንድ ሰው ሳይሆን ከአምስት ሰው ላይ ነው። በ40 ጊጋ የተቸገረ ሰው ፍላሽ ይገዛል። ደቂቃ ግን ከየትም አይገዛም።

በዚህ መካከል የአማርኛ ክፍል ጓደኛችን ጣልቃ ገብቶ «እኔ እንኳ የምፈልገው መጻፍ ብቻ ነው፤ ለመሆኑ የእኛ ፊደል ስንት ቦታ ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ስለ ነበረ ፈልጌ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የግእዝ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በተለመደው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ የእንግሊዝኛው አንድ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛው አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ አንድ ቃል በአማካይ 5 ፊደል አለው ብንል 15 ባይት፣ ከክፍት ቦታው ጋር 16 ባይት ይሆናል። 300 ቃል ያለው ገጽ 4,800 ባይት ይመጣል። በ1 ጊጋባይት ውስጥ ከ200,000 በላይ ገጾች ይገባሉ ማለት ነው። በየቀኑ፣ በዓልና እሑድ ሳይባል፣ አምስት ገጽ የሚጽፍ መምህር አንዲቷን ጊጋ ለመሙላት 114 ዓመት ያስፈልገዋል። የጡረታ ጊዜው ግን ቀድሞ ይደርሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ማከማቻን የሚሞላው የእኛ ጽሑፍ አለመሆኑ ነው። የትምህርት ዕቅዱ፣ የፈተናው ወረቀት፣ የማርክ ዝርዝሩ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱም ጭምር በጥቂት ጊጋ ያልቃሉ። የሚሞላው ቪዲዮና ፎቶግራፍ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ደግሞ ሁሉም ቪዲዮ የከፍታ ዝላይ አይደለም፤ ፊልሙም፣ የኳስ ጨዋታውም፣ ከዓመት በፊት አይተነው ለመደምሰስ የሳሳንለት ተከታታይ ድራማም አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። 1 ቴራ ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲታይ 931 ጊጋ ብቻ ይላል። 256ቱም 238 ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ተጭበረበርሁ ብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ሻጩ በዚህ አልበደለም። ፋብሪካው ጊጋን የሚቆጥረው በአንድ ቢሊዮን ባይት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ደግሞ 1,024ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝቶ በሚገኘው በ1,073,741,824 ያካፍላል። የሒሳብ ክፍል ልጆች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የአርቢ ቁጥር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ወደ ክርክራችን ስመለስ፣ የኮምፒዩተር መምህራችንን ሄደን ስንጠይቃቸው የትኛውን ግዙ አላሉንም። እንዲህ ብለው ብቻ መለሱልን፤ «ከሁለቱ በኋላ ልትጨምሩት የምትችሉት የትኛው ነው? እሱን አጣሩና ኑ።» ይህ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ምክንያቱም ማከማቻ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ በካቻቢቴ ተፈትቶ የሚለወጥ ነው፤ ባይለወጥ እንኳ ከውጭ ይሰካል። ራም ግን በአንዳንዱ ላይ በመሰኪያ የሚገባ ሲሆን በአንዳንዱ ላይ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ የመጣ ነው። የተበየደ ራም ያለው ማሽን የተገዛበት ቀን የነበረው ጊጋ እስከ መጨረሻው ጊጋው ነው።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም መሰኪያ አለው። በዚያው ዓመት የወጣው፣ ከእሱ ቀጠን ያለው ቲ480 ኤስ ግማሹ የተበየደ ሆኖ አንድ መሰኪያ አለው። ከሁሉም የሚቀጥነው ኤክስ1 ካርበን ግን መሰኪያ ጨርሶ የለውም። የአፕል ማክቡክ ኤየርም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር አንሥቶ ራሙ የተበየደ ነው። ባጠቃላይ ማሽኑ እየቀጠነ ሲሄድ በኋላ የመጨመር ዕድሉም አብሮ ይቀጥናል ማለት ይቻላል። ከዚህ ሌላ ኢ.ኤም.ኤም.ሲ. የሚባል፣ 32 ወይም 64 ጊጋ ሆኖ በርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የሚበየድ ማከማቻ አለ። አዲስ ነው ተብሎ በካርቶኑ ሲቀርብ ልብ ያማልላል። በበኩሌ ለመምህር አልመክረውም፤ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ብቻ ቦታው ይጠብበታል።

ይህን ለማጣራት ማሽኑን መፍታት ወይም ሻጩን ማመን አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎም ሜሞሪ የሚለውን ስንነካ ራሙ ስንት ጊጋ እንደ ሆነ፣ ስንት መሰኪያ እንዳለና ስንቱ እንደ ተያዘ ይነግረናል። ፎርም ፋክተር በሚለው ትይዩ «ሶዲም» የሚል ካለ በመሰኪያ የገባ ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ካለ የተበየደ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ዲስክ የሚለው ደግሞ ኤስ.ኤስ.ዲ. ወይም ኤች.ዲ.ዲ. መሆኑን በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ይጽፋል። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ይህን እንዳያዩ የሚከለክል ሻጭ ካለ ሱቁን መለወጥ ይሻላል።

እኛም ተመልሰን ሄደን ሁለቱን ማሽኖች በዚህ መንገድ መረመርናቸው። ሁለቱም በመሰኪያ ናቸው። ሁለተኛው ከሁለት መሰኪያ አንዱ ብቻ ተይዟል፤ 8 ጊጋ ሌላ ቢገኝ 16 ይሆናል ማለት ነው። የስፖርቱ ጓደኛችን ይህን ሲያይ አልተሸነፈም፤ «እንግዲያው ቴራውን እንግዛና ራሙን በኋላ እንጨምርለት!» አለ። በእውነቱ ለመመለስ የከበደኝ ክርክር ይህ ነበር። መልሱ የተገኘው ከማሽኖቹ ዕድሜ ነው። የቴራው ማሽን 5ኛ ትውልድ ኢንቴል ሲሆን የሚቀበለው ዲ.ዲ.አር.3 የሚባለውን የቆየ ራም ነው። ሁለተኛው 8ኛ ትውልድ ሲሆን ዲ.ዲ.አር.4 ይቀበላል። ሁለቱ ራሞች ጥርሳቸው ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ ለአንዱ አይገባም። ስለዚህ ለአሮጌው የምንገዛው ራም ከአሮጌው ጋር ይቀራል። በዚያም ላይ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ማሽኖች በደንቡ የሚቀበለው ባመዛኙ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። «በኋላ እንጨምራለን» የሚለውም ቢሆን ዋጋው ይጠብቀናል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ግዙፍ ማእከሎች ራሙን ሲሻሙ ዋጋው በዓለም ገበያ ላይ በኃይል ንሯል።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት። የተፋቀውን ገዛን።

ኤስ.ኤስ.ዲ. «ቶሎ ያልቃል» የሚል ወሬ ዶርም ውስጥ ስለሚናፈስ ጥቂት ልበል። እውነት ነው፣ በላዩ ላይ የሚጻፍበት መጠን ወሰን አለው። ለምሳሌ ለሳምሰንግ 860 ኢቮ ለ250 ጊጋው ፋብሪካው የሰጠው ዋስትና 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ነው። በቀን 20 ጊጋ ብንጽፍበት፣ ይህም ከልክ ያለፈ ነው፣ 7,500 ቀን ወይም ሃያ ዓመት ያስኬዳል። ያገለገለ ሲገዛ ግን ምን ያህል እንደ ተሠራበት ማየት ይገባል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጤንነቱንና የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። የሚሽከረከረው ዲስክ ጠላት ደግሞ መንገድ ነው። እየሠራ ሳለ ቢናጥ ወይም ቢወድቅ የሚያነበው ክንድ ሰሐኑን ሊጭረው ይችላል፤ የተጫረውም ከነፋይሉ ይሄዳል። ከዚህ ወደ ልምምድ ትምህርት ቤታችን የሚወስደውን ኮረኮንች በሚኒባስ የተጓዘ ሰው ነገሩን አስረዱኝ አይልም።

ይህን ስል ግን ሃርድ ዲስክን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ስፋታቸው 60 ሳንቲ ሜትር የሚያህል 50 ሰሐኖች የነበሩት ሲሆን የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ይሞላዋል። ከዚያ ተነሥቶ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ቴራ የሆነ ዕቃ ነው፤ ለግምጃ ቤትነት አሁንም ርካሹ እሱ ነው። ዊንዶውሱ በእሱ ላይ አይነሣ እንጂ ቪዲዮ ተቀምጦበት በሳምንት አንድ ቀን ቢከፈት ምንም አይጎድልበትም። በዚህ ምክንያት የየካቲትና የመጋቢት መዋጯችን ለ1 ቴራ ኤክስተርናል እንዲሆን ተስማምተናል። ያዥው የስፖርቱ ጓደኛችን ነው። ድራማ እንዳይጫንበት ሲል ዝርዝር አውጥቶ አልጋው አጠገብ ለጥፏል፤ ሁለት ምሽት ሳይሞላው የራሱ የኳስ ጨዋታዎች «ለማስተማሪያ» በሚል ርእስ ዝርዝሩ ላይ መግባታቸውን እዚህ ላይ ብጠቅስ እንደማይቀየመኝ አምናለሁ።

ገና ያልቆረጥነው አንድ ጉዳይ አለ። ሰኔ ላይ ተመርቀን ስንበተን ማሽኑ ለማን ይሆናል? ይሸጥና ብሩን እንካፈል የሚል አለ። ዕጣ ይጣል የሚልም አለ። የአማርኛው ጓደኛችን ግን «ከአምስታችን ራቅ ያለው ቦታ ለተመደበው ይሁን» ብሏል፤ እስካሁን «አይሆንም» ያለው የለም። ሁለተኛዋ የራም መሰኪያ ባዶ ናት፤ እሷን ሞልተን እንስጠው ወይስ እንዳለች ትሂድ በሚለው ላይ ደግሞ ክርክሩ ዛሬ ማታ ይቀጥላል። በዚህ ሳምንት ገበያ የሚወርድ አንባቢ ካለ ሦስቱን ቁልፎች ላሳየው እችላለሁ፤ ከ48 ደቂቃዬ ላይ ግን አይሆንም፣ ከእራት በፊት ይምጣ።